የማግሪብ ጠቅታ

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

የሞገድ ማጉያዬ ኮይል፣ የሽቦ ጥቅሉ፣ ዛሬም ጋለ። ፈታሁት፣ እንደገና ጠመጠምኩት። ሽቦው ከተቃጠለ የውሃ ፓምፕ የወጣ ነው፤ ስፍቀው ጣቴ ተላጠ። ሙቀቱን እንዲጠጣልኝ የድስት ክዳን ጀርባው ላይ አሰርኩ። ድስቴ ራቁቱን ቀረ። አትሳቂ፣ ማስታወሻዬ። ሹሮ ያለ ክዳንም ይበስላል።

ወደ ማታ ማጉያውን ከአሮጌው ማሰራጫዬ ጋር ገጠምኩት። ትንሽ መታ መታ አደረግኩ፤ ሰራ! አሮጌው ብቻውን ከከተማው ይውጣ አይውጣ እንጃ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ገና ፊደል ሳልቆጥር ጆሮ ማዳመጫ ደፍቶብኝ ሞርስ፣ በረጅምና በአጭር ጠቅታ መነጋገርን፣ አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ ሳዳምጥ ኖርኩ። መርከበኛውን፣ ህንዱን፣ የመናዊውን፣ ሁሉንም እሰማለሁ። እኔን የሰማኝ የለም። ጡረታ ወጣሁ፣ ባሌ ሞተ፣ ልጆቼ ጅዳ ገቡ፤ እኔ ይኸው ከብረት መጋዝ ምላጭ በሰራኋት የሞርስ መምቻ "ማን አለ?" እያልኩ እጣራለሁ።

የማሰራጫ ፈቃድ የለኝም። ጠይቄ ነበር፤ ቆይ ተባልኩ። ቆየሁ፣ ሰለቸኝ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

መለሰልኝ!!

ጽሑፌን እዪው፣ መስመር ስቷል። ፀሐይ ስትገባ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ከማግሪብ በፊት ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት፣ ከዚያ ይዘጋል። ሦስት ቀን በዚያች ሰዓት ጠራሁ፣ ምንም። ዛሬ ግን ከጩኸቱ ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። የላክኋቸውን ፊደሎች፣ የከተማዬን ስም፣ መልሶ ላከልኝ። ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ የት ነው ሐይቅ? ስሙ ሳሊም፣ ያለው ዛንዚባር። ዱሮ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። በየቀኑ በዚህ ሰዓት እጠብቅሻለሁ አለኝ።

አለቀስኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ አለሁ ማለቴ ተሰማ። ማግሪብን ዘግይቼ ሰገድኩ፤ አላህ አፉ ይበለኝ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ጎረቤቴ ከድጃ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ይዛልኝ መጣች። ወሬም ይዛለች። ወሬው ከዓሣው ይከብዳል።

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አዲስ ነው፤ ዐረብ አገር ያሉ ልጆች የላኩት። ከረቡዕ ጀምሮ ሼህ ይመር ለማግሪብ አዛን ማይኩን ሲከፍቱ ጠቅ ጠቅ ይላል አሉ። ሼህ ይመር ማይክ የሚባል ነገር ሳይመጣ ከጣሪያ ላይ ሆነው አዛን ያሉ ሰው ናቸው፤ የአባቴ ጓደኛ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከሪያድ የተመለሰው ሰይድ የመስጊዱ ኮሚቴ ነው። ሙስበሃዎ ማይኩን እየመታው ነው አላቸው፣ ሰው ፊት። ሙስበሃውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ኪሳቸው ከተቱት። ማታም ጠቅ ጠቅ። እንግዲያው ጣትዎ ነው ተባሉ። ጂን ነው ያለም አለ።

እኔ ግን አልሰማሁም፤ በዚያች ሰዓት ጆሮዬ በማዳመጫ ተደፍኗል። ከሰፈሩ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንዴት ነው የሚለው? አልኳት። ማንኪያ አንስታ በሩን መታች። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ትንሽ ቆየት። ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም።

ማን አለ? ነው የሚለው፤ ሁለቱ የሞርስ መጥሪያ ፊደሎች።

የራሴ ጥሪ። ከድጃ ሳታውቀው በሬ ላይ መታችው። ማጉያዬ የሚያወጣው ሞገድ በመስጊዱ ሽቦ ገብቶ ነው። ምንም አልነገርኳት። ዓሣውን ማጽዳት ጀመርኩ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ኢብራሂም መጣ። ታናሽ ወንድሜ፣ ሚሊሻ ነው። አልተቀመጠም። ባሕር ዛፉ ላይ የሰቀልኩትን ሽቦ ቀና ብሎ እያየ፣ "እታለም፣ ሰው እየጠየቀ ነው። ከማን ጋር ነው የምትገናኘው እያሉ ነው" አለ።

ሬዲዮ መስማት ነው አልኩት። መስማቱንማ ማን ከለከለሽ፣ የሚልክ ከሆነ ግን እኔም አላድንሽም፣ ዘመኑ ክፉ ነው አለኝ። ልክ ነው። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው አዛውንት ነው፤ መገናኛ ያለው ግን ሰላይ ነው። ማን ቁጭ ብሎ ኮይል ያስረዳል?

ዛሬ አልመታሁም። በጆሮ ማዳመጫ ሳሊም ሲጣራ ሰማሁ። ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ ሐይቅ። ጣቴን እግሬ ሥር ቀበርኩት። ዝም ካልኩ ጠቅታው ይጠፋል፣ ሼህ ይመርም ያርፋሉ፣ ነገሩ ይረሳል። ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ሞኝ! ሞኝ! ሞኝ!

ለካ ከትናንት ጀምሮ አዛን የሚለው ሰይድ ነው፣ ለሙከራ። ትናንትም ዛሬም ኩልል ያለ ድምፅ፣ አንዲት ጠቅታ የለም። እኔ ዝም ብዬ ነው! ሰው ግን ሌላ ምን ይበል? ይኸው፣ ጥፋቱ የሽማግሌው ነበር አለ። ዝምታዬ ፈረደባቸው። ዓርብ ከማግሪብ በፊት ጀመዓው፣ የመስጊዱ ሰው፣ ተሰብስቦ አዲሱን ሙአዚን፣ አዛን ባዩን፣ ያሳውቃል።

ሼህ ይመርን መንገድ ላይ አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ ደብቀዋል። ሰላም አሉኝ፣ እጅ ግን አልሰጡኝም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ትናንት ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ዛሬ ሼህ ይመር ቤት ሄድኩ።

መደብ ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው። ሙስበሃው የለም። ለጎረቤት ልጅ ሰጡት አለችኝ ሴት ልጃቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽቦውን፣ ማጉያውን፣ ሳሊምን። አንዳንዱን የተረዱት አይመስለኝም። አንዱን ግን ጠየቁኝ፤ ጠቅታው ምን ይላል?

"ማን አለ? ነው የሚለው" አልኳቸው።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እኔስ እጄ ከዳኝ ብዬ ነበር። አልከዳኝም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃኛል። ይችን ነገር ወላሂ ለማንም እንዳታወጪ። ዕቃሽን ይወስዱብሻል፣ ክፉ ስም ይሰጡሻል። የኔ አዛን እንደሁ ዛሬ ሆነ ነገ ማለቁ አይቀርም።"

አፉ በሉኝ አልኳቸው። አፉ ብዬሻለሁ፣ ሂጂ አሉኝ። ቢቆጡ በተሻለኝ። ቢሰድቡኝ መንገዱ በቀለለኝ። እየተናደድኩ ወጣሁ፤ በማን እንደተናደድኩ እንጃ። እውነቱን ማወቃቸው ለሳቸው ይበቃል፣ ለሰዉ ግን አይበቃም። ልጆች መንገድ ላይ ምላሳቸውን እያጮሁ ጠቅ ጠቅ ሲሉባቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ

ወሰንኩ።

ኢብራሂምን አስጠርቼ ነገርኩት። ግድግዳውን በጡጫ መታ። አበድሽ አለኝ፣ ከዚያ ተቀመጠ፣ ከዚያ ውሃ ጠየቀ። በመጨረሻ፣ ዕቃሽ ከሌላ ሰው እጅ ከሚገባ እኔው ልውሰደው፣ ቀበሌም እኔው ላስረክበው አለ። ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እሱም አያውቅም፣ እኔም።

ከድጃን ወደ ሰይድ ላክኋት። መልእክቱ ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ከማግሪብ በፊት ማይኩን አንተ ያዘው፣ ክፈተው፣ ምንም አትናገር፣ እጅህንም አታንቀሳቅስ። ሼህ ይመር ራቅ ብለው ይቁሙ። ጠቅ ያለ እንደሆነ እኔ ነኝ፣ መጥታችሁ እዩኝ። ሳቀ አለችኝ። ግን እሺ ብሏል።

11፡50

ኢብራሂም በሩ ላይ ቆሟል፣ ጆንያ ይዞ። አያየኝም።

ኮይሉ ሞቀ። የኃይል መለኪያው መርፌ ሙሉ ወጣ፤ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሳሊም በዚሁ ሰዓት ይጠብቃል፣ የምመታው ግን ለሱ አይደለም። ዛሬ "ማን አለ?" አልልም። ይመር፣ ይመር፣ ይመር እላለሁ፤ የሚያነበው ባይኖርም።

ዛሬ ጆሮ ማዳመጫ አላደረግኩም፤ የመስጊዱ ማይክ ተከፈተ። ሰይድ "ፉ" አለበት። ጥርት ያለ ነው፣ ምንም የለም። አንድ ሰው ሳለ። በል እንግዲህ እጄ፣ አሁን እንምታ። ይመር፣ ይመር፣ ይመር፤ በሰይድ እጅ ውስጥ ማይኩ ጠቅ ጠቅ አለ!