ያልሞተው የዶሪ ልጅ ለቅሶ

መቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደበሳ፣
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር

እጅግ የማከብርዎ ጋሼ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ፈጣሪ ያበርታልን፤ አውራ ጣትዎ ግን ከስልኩ ላይ ትንሽ ዕረፍት ቢያገኝ ለእርስዎም ለእኛም ጤና ነው። እኔ ከገበያው በታች ጨርቅ የምሸጠው የእድርዎ አባል ሰይዳ ነኝ። ምስጋናም አቤቱታም ስላለኝ ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

1ኛ. የጥሩምባውን ሥራ ወደ ቴሌግራም ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። ደንቡንም ያወጡልን እርስዎ ነዎት፤ በግሩፑ ላይ ከሞት በቀር ሌላ ወሬ አይለጠፍም፣ አባልም ሐዘኑን ከመግለጽ በቀር ጥያቄ አያነሳም። ታዲያ ባለፈው ማክሰኞ የማናውቀውን የባዕድ አገር ሕፃን ፎቶግራፍ «ተከትቦ በሦስተኛው ቀን» ከሚል ጽሑፍ ጋር ሲለጥፉልን፣ ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር»፣ እኛም «አላህ ይማረው» እያልን እንደ ልማዳችን አርባ ሦስት ሰዎች አዘንን። ዘግይቶ ስልኩን የከፈተ ሁሉ ሐዘንተኛውን ቆጠረና፣ በሰፈሩ ሰሞኑን የተከተበው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠያየቅ ጀመር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሰሞኑን ልጃቸውን ያስከተቡት እትዬ ዶሪ ቤት ለቅሶ ሊደርሱ የሄዱትን እናቶች ሟቹ ራሱ ሙዝ እየበላ በር ላይ ተቀበላቸው። እኔን የገረመኝ ልጁን በዓይናቸው አይተው ሲመለሱ ክትባቱን ይበልጥ መፍራታቸው ነው፤ ለካ አንዴ የተለቀሰበት ነገር በሙዝ አይፈርስም።

2ኛ. ባለቤቴ ኢማድ ከቡሬ የመጣ ቡና በኩንታል እየተሸከመ የሚያወርድ ጤነኛ ሰው ነበር። «ያ ነማ፣ እናንተ ሰዎች፣ የተደበቀ በሽታ አለባችሁ» እያሉ የሚልኩትን የድምፅ መልእክት መስማት ከጀመረ ወዲህ ግን በሁለት ወር ውስጥ ልቡን፣ ኩላሊቱንና ጉበቱን ታሟል፤ ሁሉንም በስልክ። ይህንንስ ለምጄው ነበር። አሁን ግን ወደ ዘጠኝ ወር ልጃችን ወደ ጀናት ዞሯል፤ ስታስነጥስ ስልኩን ይጠይቃል፣ ስትተኛ ትንፋሿን ይቆጥራል፣ የክትባት ካርዷንም የት እንደደበቀው አላውቅም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለሚወዳት ነው የፈራው፤ እርስዎም የነኩበት ይህንኑ ፍቅሩን ነው።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። በቡሬ በኩል ኩፍኝ እንደገባ ልጆቻችንን የምትከትብልን የጤና ሠራተኛዋ ዲሪቤ ነግራናለች፤ በቀበሌያችን የምትቆየውም እስከ ነገ ብቻ ነው። እኔ ለመንኩት፣ እሷም አስረዳችው፤ እሱ ግን ጋሼ ደበሳ ሊዋሹ ነው ወይ ብሎ ድርቅ አለ። ፈርቻለሁ።

3ኛ. ስለዚህ ዛሬውኑ በግሩፑ ላይ የዶሪ ልጅ በሕይወት መኖሩን፣ የፎቶግራፉንም ምንጭ እንደማያውቁት እንዲገልጹልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ግሩፑ ከሞት ሌላ አያስተናግድም የሚሉኝ ከሆነ፣ የወሬውን ሞት ያርዱን፤ ሁላችንም እናዝንለታለን።

ሳይማሩ፣ ሳይሾሙና ደመወዝ ሳይጠይቁ ሐኪም ለሆኑልን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና አጭር መልእክት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ። ካርዱ ተገኘም አልተገኘም፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀናትን አዝዬ ዲሪቤ ዘንድ እገኛለሁ።

አክባሪዎ
ሰይዳ

ግልባጭ፦
ካርዱን ለደበቀው ውድ ባለቤቴ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ አውጥቼ አነበብኩት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲሞት ድንኳን አይተከልም፣ አባልም ለለቅሶ አይጠራም ይላል፤ ከሥሩም የእርስዎ ፊርማ አለበት። ጀናት ዘጠኝ ወሯ ነው። ብትሞትብኝ የማለቅስላት ብቻዬን ከሆንኩ፣ በሕይወት ማቆየቱንም ለእኔ ይተዉልኝ።