የመሬት መንቀጥቀጥ ከወዴት እንደሚመጣ ሲጠይቁ የኖሩት የአቶ ለገሠ ወልደ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ለገሠ ጥር 3 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ከሩብ በሐረር ከተማ ሸዋ በር አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሰዓት ከያዙት ጥቂት ወታደሮች አንዱ ስለነበሩ ሰዓቷን በዳዊታቸው ሽፋን ላይ ጽፈዋታል። እናታቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ይባላሉ።

ፊደልና ዳዊት ከቄስ፣ ፈረንሳይኛ ከሚሲዮን ተምረው በ1899 ዓ.ም. በፖስታ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1904 ዓ.ም. ወይዘሮ እልፍነሽን አግብተው ሰገነትንና ዘውዴን ወለዱ።

በሰኔ 1905 ዓ.ም. ጊደር መጋላ ገበያ እህል ሲገዙ መሬት ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው ቆመው የማሽላው ክምር በየት በኩል እንደተናደ ያዩ ነበር። ነጋዴዋ፣ «ሰው ለነፍሱ ይጸልያል፣ እርስዎ ማሽላ ያያሉ?» ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንቀጥቀጡ ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ቆረጡ።

የሐረር ሴቶች ቤታቸውን ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ሳህን ያስጌጣሉ። አቶ ለገሠ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወይዘሮ እልፍነሽን አስከትለው በጀጎል ግንብ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞሩ ሳህኑ ከየትኛው ግድግዳ እንደወደቀ ይጠይቁና በደብተር ይጽፉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጻፉ። የወደቀው ሳህን ሁሉ ማለት ይቻላል ከምዕራቡ ግድግዳ ነበር።

በ1914 ዓ.ም. በከተማው ያለፈ አንድ የውጭ አገር የመሬት ሊቅ ደብተሩን አይቶ ተደነቀ። አቶ ለገሠም ያገኙትን በአርባ ገጽ በፈረንሳይኛ ጽፈው ላኩለት፤ መንቀጥቀጡ ከምዕራብ ይመጣል የሚል ነበር። በስድስተኛው ወር ባሕር ማዶ ተሻግረው ይህንኑ እንዲማሩ የሚጠራ ደብዳቤ መጣላቸው። የልጅነት ምኞታቸው ስለነበረ ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

በደስታቸው መጀመሪያ የሄዱት ፈላና በር ወደሚኖሩት ወደ ወይዘሮ ሰዐዲያ ቤት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጠየቁት እሳቸውን ነበርና። ጽሑፉን እየተረጎሙ ሲያነቡላቸው ወይዘሮ ሰዐዲያ ሳቁ።

«ወላሂ አቶ ለገሠ፣ በከንቱ ደክመዋል! የበዙት በሮቻችን ወደ ምሥራቅ ናቸው። ሳህን የምንሰቅለው ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ከሌላው ግድግዳ ምን እንዲወድቅልዎ ነው?»

አቶ ለገሠ ተነሥተው ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። በዚያው ቀን የጎረቤቶችንም ቤት አዩ። እንደተባለው ሆኖ አገኙት።

ወይዘሮ እልፍነሽ፣ «ፈረንጁ የሰዐዲያን ቤት የት ያውቀዋል? ዝም ብለው ይሂዱ፤ እዚያ ሲደርሱ ያርሙታል» አሏቸው።

«እዚያማ እንዲህ ብላ የምትስቅብኝ ሰዐዲያ የለችም» ብለው በማግስቱ ስሕተታቸውን ጽፈው ላኩ። በአራተኛው ወር ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን የሚገልጽ መልስ ደረሳቸው። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወርደው ሰባት ጎድጓዳ ሳህኖች ገዙ።

ሳህኖቹን ለሰባት ሴቶች አደሉ። እያንዳንዷ ውኃ እስከ አፉ ሞልታ፣ ዙሪያውን አመድ ነስንሳ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ አመዱ በየት በኩል እንደራሰ ትነግራቸው ነበር። ድመት የጠጣበትንና ልጅ የረገጠበትን ለይቶ ማውጣት ብቻውን ትልቅ ሥራ ነበር። ወይዘሮ ሰዐዲያም፣ «አሁንስ የድመቶቻችንን ጠባይ አጠኑ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፖስታ ቤት ሥራቸው ጎን ለጎን ይህን አላቋረጡም። ከወዴት ነው ሲባሉም «ገና አላወቅሁም» ይሉ ነበር፤ ሲሉትም ፊታቸው ይበራ ነበር።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው ጥር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እልፍነሽንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። የጠየቁትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በጻድቃን መካከል ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታት ይስጥልን።

በአርባቸው ለተሰበሰባችሁ ሁሉ አንድ ነገር ይነገር ዘንድ ይገባል። በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። ሰባቱም ሴቶች እየሮጡ ወደ ለቅሶው ቤት መጡ። ሦስቱ አመዱ የራሰው በሰሜን በኩል ነው አሉ፤ አራቱ በምሥራቅ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ከወዴት እንደሆነ ገና አልታወቀም።