አዲሱ ማሽን ሲመጣ

ሰኞ

ሸጥኳቸው። የጌም ቤቴን ሁለቱንም አሮጌ ማሽኖች ከነጆይስቲካቸው፣ ሞላሌ ላይ ጌም ቤት ለከፈተችው ለዘይነባ። ሚኒባሱ ላይ ተጭነው ሲሄዱ እስከ መታጠፊያው በዓይኔ ሸኘኋቸው። ግን ምን ላድርግ? እዚሁ መሐል ሜዳ ሌላ ሰው አዲሱን ማሽን ሊያስመጣ ነው እየተባለ ነው። ከቀደመኝ አለቀልኝ። ለእኔም ወንድሜ ጌታቸው ከአዲስ አበባ ይልክልኛል።

ማክሰኞ

ቤቱ ባዶ ነው። ደንበኞቼ በር ላይ እየቆሙ "መቼ ነው?" ይላሉ። ጌታቸው ደወለና ደግሞ ሌላ ወሬ፤ ከአዲሱም የሚበልጥ እየተሠራ ነው አሉ። ኧረ በናታችሁ! የአሁኑን መቼ አየሁትና?

ረቡዕ

ደረሰ! ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፤ ለትንሽ ጊዜ ንግሥት ነበርኩ። ከዚያ የኳሱን ሲዲ ከተትኩ። አላነብም አለ። ሌላ ሞከርኩ፣ እሱንም ተፋው። የእኛ ሲዲ ሁሉ ኮፒ ነው፤ የሚገለብጡት ሰዎች የዘንድሮ ተጫዋቾችን ያስገቡበታል። አዲሱ ደግሞ ከኦሪጅናል ሌላ አይቀበልም፤ የኦሪጅናል ዋጋ አይቀመስም። አብሮት በመጣው አንድ ኦሪጅናል ላይ ያሉት ተጫዋቾች ግማሾቹ ኳስ ያቆሙ ናቸው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ

አጎቴ ጋሽ ደምሴ ለስብሰባ መጥተው ጎራ አሉ። የጓሳ ሣር ጥበቃ ኮሚቴ ውስጥ ናቸው፤ የተከለለው ሣር መቼ ተከፍቶ ይታጨድ የሚለውን ከሌሎቹ ጋር ይወስናሉ። ጉዴን ነገርኳቸው።

"የማሽኑ ሠሪዎች አዲሱን መቼ እንደሚያወጡ ማንን ይጠይቃሉ?" አሉኝ።

"ማንንም፣ አጎቴ። ባሰኛቸው ጊዜ ነው።"

"እኛኮ ሣሩን ስንከፍት የሩቁ ሰው ማጭዱን ይዞ እስኪደርስ እንጠብቃለን። እነሱ ማንን ጠበቁ?"

እውነታቸውን ነው። አሮጌው ማሽን ስንት ቤት እንጀራ እንደሚያበላ ቢያውቁ ትንሽ ይቆዩ ነበር። ግን እነሱን ምን አስወቀሰኝ? የቸኮልኩት እኔ። ሳልሞክር የሸጥኩት እኔ። በራሴ በጣም ተናድጃለሁ።

ዓርብ

ሞላሌ ሄድኩ። የዘይነባ ቤት ጢም ብሏል። "መልሺልኝና አዲሱን ውሰጂ" አልኳት። ሳቀች፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።

"እህቴ፣ ለአንቺ ያልሠራ ለእኔ ይሠራል? ባይሆን ሥራውን ታውቂዋለሽና መጥተሽ ደንበኞቼን አጫውቺልኝ፤ ደሞዝ እቆርጥልሻለሁ።"

በገዛ ማሽኖቼ ተቀጣሪ! ፊቴ ጋለ። ነጠላዬን አጣፍቼ ልወጣ ስል አንደኛው ማሽን ቀጥ አለ። ጩኸት ሆነ፤ ዘይነባ ገመዱን ትነቀንቃለች። እኔ አውቀዋለሁ፣ ሲግል ነው። ተመለስኩ፤ አጠፋሁት፤ ነፋስ እንዲገባው ከሥሩ ሁለት የጠርሙስ ቆርኪ አደረግኩለት። ቆየት ብዬ ሳበራው ተነሳ።

"ሰኞ ነይ" አለችኝ።

ቀና ብዬ ሳላያት "በስንት ሰዓት?" አልኳት።