በሳይክል ሐይቁን ስትዞሪ

ይድረስ ለልጄ ለመክሊት፤ የብቸናው ጊዮርጊስ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ። እኛ ደኅና ነን።

በሀንጋሪ ገጠር፣ የባላቶንን ሐይቅ በሳይክል ልትዞሪ መሆንሽን ለአባትሽ ስነግረው የራሱን ሳይክል አውጥቶ ጎማውን ነፋ። ጡረታ ሲወጣ እስከ ሞጣ ሊነዳው የገዛው ነው፤ ዘንድሮ ዘንድሮ ሲል ዕድሜው ሄደ። ሊሞክረው ወጥቶ ገበያው ጋ እንኳ ሳይደርስ እየገፋ ተመለሰ። «አንቺ አየሁሽ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እንግዲህ ሞጣ ቀረ» አለኝ።

ቆይቶ ግን አንቺን አሰበ። «የደቡቡ ዳር ሜዳ ነው ካለች ከዚያ ትጀምር፤ ትርፍ የጎማ ካላማዳሪና መንፊያ ትያዝ፤ ሲመሽ አትንዳ» ብሎሻል። እኔ ደግሞ ሄልሜትሽን እንዳታወልቂ አደራ።

ልጄ፣ ባደርሽበት ሁሉ ደውይና ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ለአባትሽ አጫውቺው። ደግ ሰው ያጋጥምሽ፣ በሰላም ያግባሽ።

እናትሽ አየሁሽ