ለአጥር የላክኳቸው ሽማግሌዎች

ሰኞ
ወደቀ በቃ። በእኛና በጎረቤታችን በጋሽ ታፈረ ግቢ መሀል ያለውን አጥር ንፋሱ ገንድሶት አደረ። ጋሽ ታፈረ ጠዋት ጮኹብኝ። "ያንተ ጊደር ስትታከከው ከርማ ነው፣ ብቻህን ታሠራለህ!"
"ጋሼ፣ እንጨቱ በስብሶ ነው፤ ወጪው ግማሽ በግማሽ ነው።"
"ያልታረመ ጎረምሳ!" ብለው በሩን ዘጉብኝ። እኔን! ደባርቅ ውስጥ እንደኔ ባጃጅ የሚነዳ ካለ ይምጣ።

አጥሩ ሲወድቅ ግን ግቢያቸው ወለል ብሎ ታየኝ። የልብስ ማስጫው ገመድ አለ። ልጃቸው ትርንጎ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይ አለ። እሷ የለችም። ከፋሲካ በኋላ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ልትሠራ አዲ አርቃይ ወርዳለች። ድሮ በአጥሩ ቀዳዳ ስናወራ ዓይኗን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሁሉም ይታያል፣ ምን ያደርግልኛል።

ማክሰኞ
እናቴ "አፍህ ነው የሚያበላሽብህ፣ ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። እውነቷን ነው። መሪጌታንና ጋሽ አለሙን ለመንኳቸው፣ የአጥሩን ወጪ ነገር እንዲያናግሩልኝ። እሺ አሉ።

ረቡዕ
ጉድ ፈላ! ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ማለዳ ሄዱ። ጋሽ ታፈረ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ሲሏቸው ጋሽ አለሙ "እሺ ካላልከን አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። የስንቱን ጋብቻ የጨረሱ ሰው ናቸው፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ጋሽ ታፈረም ልጃቸው የተጠየቀች መሰላቸው።
"ልጅቱ አዲ አርቃይ ናት፤ ሳላማክራት እሺም እንቢም አልልም።"
ስለ አጥር አንድ ቃል ሳይነሳ!
መሪጌታ እየሳቁ መጡ። "አንተ፣ ለአጥር ልከኸን ሚስት ልናመጣልህ ነበር! ተመልሰን እናስረዳቸው?"
አፈኛው እኔ "ይቆይ" አልኩ።

ሐሙስ
ጋሽ ታፈረ ራሳቸው ጠሩኝ። ባህር ዛፉን እሳቸው፣ ሚስማርና ሽቦውን እኔ፣ ሥራውን አብረን። ሁለት ሰው የሚቆፍረውን ጉድጓድ ብቻዬን ቆፈርኩ፣ ዓይናቸው እያየ። "ጉልበት አለህ" አሉኝ። በውሸት አማች መሆን አልጣመኝም።
"ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ የመጡት ለአጥሩ ነበር።"
መዶሻውን አስቀመጡ። "እና ልጄን አትፈልጋትም?"
"ኧረ ከሄደች ወዲህ እህልም አይወርድልኝ!"
መዶሻውን መልሰው አነሱ። "እኔ ግን ትናንት ደውዬ ነግሬያታለሁ" አሉ።

ዓርብ
ደወልኩላት። "አባቴን ከማስጠየቅህ በፊት እኔን አትጠይቀኝም ነበር?" አለች። ስለ አጥሩ ነገርኳት። ሳቀች። ሳቋ ያው የድሮው ነው።
"ትመጫለሽ?"
"ሱቁን ለማን ጥዬ?"
"እኔ ልምጣ?"
ገበያተኛ ገባባት መሰለኝ፣ "ቆይ" ብላ ዘጋችው። ጠበቅኩ፤ አልደወለችም።

ባጃጄ የሊማሊሞን ቁልቁለት አይችለውም። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ና አላለችኝም። አትምጣም አላለችኝም።