ስለ ምላጭሽና ስለ አያ ፈንታው ጢም

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። እንደምን ሰነበትሽ ልል ብዕሬን አነሳሁና መልሱን ማን ያመጣልኛል ብዬ ተውኩት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው። ቀኝ ጉንጬ ላይ ሁለት፣ አገጬ ሥር አንድ፣ ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ ረጅም ቁስል ይዣለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ድመት ቧጨረኝ እላለሁ። ድመት እንደሌለን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሐዘንተኛ ነው ብለው ዝም ይሉኛል።

ቤታችን ያው ነው። ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ብርድ ዛሬም በዚያችው በተሰነጠቀችው መስኮት ይገባል። የእህቴ ልጅ ብርቄ አብራኝ ናት፤ ዳገቱ ላይ ያለው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ቀጥሯት በየጠዋቱ ጫማዋን ጠርጋ ትወጣለች። ጥቁሯ ዶሮሽ ከእኔ እጅ አልበላም ብላ አሁን የምትበላው ከብርቄ እጅ ነው። እሱንም ችዬዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ልወቅስሽ ነው። ቀንቻለሁ ጥሩዬ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ በሞተች ሚስቴ ቀናሁ። በማን ምክንያት ብትይኝ ከአጥራችን ማዶ ባለው በአያ ፈንታው ምክንያት። አዎ፣ ያ ከእኔ በፊት ሽማግሌ ልኮ አባትሽ በባዶ እጅ የመለሱት ድንጋይ ጠራቢ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የሐዘን ጢሜን እስከ አርባሽ አሳደግሁ። ነጭ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አንቺ በየቅዳሜው ማታ ስትላጪኝ ከአረፋው ጋር እየጠረግሽ ስለምትወስጂው፣ ለካ ስንት ዓመት እርጅናዬን ስትደብቂልኝ ኖረሻል። አርባሽ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ «መንገሻ፣ ይብቃህ፣ ተላጭ» ብለው ፈረዱብኝ። ገበያው ዳር ካለው ፀጉር ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰውየው ማሽኑን ሰክቶ እንደ በግ ሸለተኝና መስታወት ሰጠኝ። ፊቴ ንጹሕ ሆኗል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የሰው እጅ አልነካኝም። አፍንጫዬን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይ የሚያነሳ የለም፤ «ዝም በል አንተ ሰውዬ፣ እቆርጥሃለሁ» የሚለኝም የለም። ቤቴ ስመለስ ማልኩ፤ ከእንግዲህ የጥሩዬ ምላጭ ካልሆነ ሌላ ስለት ፊቴን አይነካውም አልኩ።

ከሳጥንሽ አወጣሁት። አባትሽ ያወረሱሽን፣ ቀንድ እጀታው ውስጥ እንደ ሰንጢ የሚታጠፈውን። ዓይናቸው ሲደክም በልጅነትሽ በእሳቸው ጉንጭ ላይ እንደተማርሽ አገራችሁ ገነተ ማርያም በሄድን ቁጥር ይነግሩኝ ነበር። አንቺ በአባትሽ ጉንጭ ከተማርሽ እኔ በራሴ ጉንጭ መማር አያቅተኝም አልኩ። ታውቂኛለሽ፤ ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው፤ ራዲዮ መጠገን የተማርኩት የእህትሽን ራዲዮ ፈትቼ ነው። ያ ራዲዮ ዳግመኛ ድምፅ አላሰማም፤ እኔ ግን ተማርኩበት።

የመጀመሪያ ቀን ስለቱን የምታስተካክዪበትን የቆዳ ጠፍር በር ላይ ሰቀልኩና ምላጩን እንደ ዳቦ ቢላዋ ስለቱን አስቀድሜ ገፋሁት። ወደ ኋላ፣ በጀርባው በኩል መጎተት እንዳለበት ማን ነገረኝ? ጠፍሩ ለሁለት ተከፈለ። አባትሽን እዚያ ካገኘሻቸው አይጥ በላው በያቸው።

ጠፍሩን በሽቦ ከጠገንኩ በኋላ ፊቴን ከመንካቴ በፊት አንድ ቅል ላይ ሳሙና ቀብቼ መላጨት ጀመርኩ። ቅሉን ሳልቧጭር አረፋውን ብቻ ለማንሳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ብርቄ ከሥራ ስትመለስ አየችኝና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «አጎቴ፣ ቅሉ ጢም አውጥቷል እንዴ?» አለችኝ። «ነገ ሠርግ አለበት፣ ሙሽራ ነው» አልኳት። ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ማታ ግን ለእናቷ ስልክ ደውላ «አጎቴን መጥታችሁ እዩት» ስትል ሰማሁ።

ከዚያ ወደ ፊቴ ተሻገርኩ። ቆዳውን በግራ እጅ ወጠር፣ ምላጩን ጋደም፣ ጢሙ ወደሚሄድበት ተከትሎ ቀስ ማለት። አንቺ ስታደርጊው እጅሽ እንጀራ ላይ እንደሚሄድ ማር ነበር፤ እኔ ሳደርገው ድንጋያማ መሬት የማርስ ይመስለኛል። በየቁስሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት እለጥፍና የተለጠፈ ማስታወቂያ መስዬ እወጣለሁ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መጽናኛ ነበረኝ። መሐል ምሰሶው ላይ፣ ከበርጩማው በላይ ባለችው ሚስማር ላይ ትሰቅያት የነበረችው አሮጌ ነጠላሽ። በተቀበርሽ ማግስት አወረድኳት። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። የጥሩዬ ጠረን ይህ ነው ብዬ ትራሴ ሥር አደረግኳት፤ እሷን ሳላሸት እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ብርቄ ልታጥባት ስትል እጇን ይዣለሁ።

እንግዲህ ከሁለት ቅዳሜ በፊት ጉንጬ ስላበጠ ገበያ አልወረድኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ከቁልፍና ከራዲዮዎቼ ጋር ገበያ መዋሌን ታውቂያለሽ። እንዴት አታውቂ፤ በደንብ ታውቂያለሽ። ረፋዱ ላይ በሩ ላይ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አያ ፈንታው ነው። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። «ቤቶች» አለና ሳልመልስለት በአጠገቤ አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ምሰሶው ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የት እንደሚቀመጥ ማንም አልነገረውም። እኔ በገዛ ቤቴ ቆሜ ቀረሁ።

«ምላጩን አንተ ይዘኸዋል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለ። «እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው ጥሩወርቅ ነበረች የምትላጨኝ።»

አራት ዓመት። በቅዳሜ ጠዋት። እኔ ገበያ ሳለሁ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ምላጩን የምታስተካክዪው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስለቱ ገና ትኩስ ሳለ አያ ፈንታው፣ ማታ ስለቱ ሲደክም እኔ። ፊቱን አየሁት፤ ከጢሙ በላይ ያለው ጉንጩ እንደ ሕፃን ነው፤ አንድ ጠባሳ የለበትም። የእኔ ፊት ላይ ግን በራሴ እጅ ካመጣሁት ሌላ ከአንቺ የቀሩኝ ሦስት አሮጌ ጠባሳዎች አሉ። ለእሱ ተጠንቅቀሽ፣ ለእኔ ግን እንደነገሩ ነው ማለት ነው። ለመሆኑ እስከዛሬ ጢምህን ለምን አሳደግህ ብዬ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «ለእሷ ነው» አለ። የእኔ ሐዘን አርባ ቀን፣ የእሱ ሰባት ወር። በጢም እንኳ በለጠኝ።

ብርቄን ጠራኋትና ይህን ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። «አንተ አታውቅም ነበር እንዴ አጎቴ?» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ባሏ ብቻ ነው የማያውቀው። ለምን ደበቀችኝ አልኩ። የመለሰልኝ አያ ፈንታው ነው። «እኔ ነኝ ለምኜ ያስማልኳት» አለ። «መንቀጥቀጥ በጀመረኝ ሰሞን፣ ማኅበር ላይ፣ ጽዋ ስይዝ እጄ እንዴት እንደሚሆን እያሳየህ ሰውን አሳቅህ። ይህን ብታውቅ ደግሞ ገበያ ላይ ታወራብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

አስታወስኩት ጥሩዬ። ያን ቀን ሁሉም ሲስቅ አንቺ አልሳቅሽም። ራስሽን አሞሽ መስሎኝ ነበር።

ያን ከሰማሁ በኋላ ሂድ ልለው አልቻልኩም። ውሃ አሞቅሁ፣ ሳሙናውን አረፋ አስወጣሁ፣ ምላጩን ዘረጋሁ። ሊሆን አልቻለም። እጁ ብቻ አይደለም የሚንቀጠቀጠው፤ ራሱም ይነቀነቃል። ቅል ቢሆን ይቆምልኛል። እሷ እንዴት ነበር የምታደርገው አልኩት። ቀና ብሎ ሚስማሯን አየ። «ነጠላዋ የት ሄደች?» አለኝ። «ግንባሬን ከምሰሶው ጋር በነጠላዋ ነበር የምታስረኝ።»

ነጠላዋ። ትራሴ ሥር ያለችው። ሰባት ወር ያቀፍኳት።

አይጥ በላት አልኩት። ሁለተኛው የአይጥ ውሸቴ ነው፤ አይጡ መጥገቡ አይቀርም። እሱ ግድ የለም አለና ራሱን በራሱ ምሰሶው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ራሱ እንጨቱን ቀስ እያለ ይመታው ጀመር። እጁን አንስቶ ሊይዘው ቢሞክር እጁም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ሃምሳ ዓመት ድንጋይ የሰነጠቀ እጅ። ያ የእንጨት ድምፅ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ምሰሶው ላይ ራሱ በሚያርፍበት ልክ የለሰለሰ ቦታ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ እኔ እስከዛሬ የራሴ ጀርባ ያለሰለሰው ይመስለኝ ነበር።

ገባሁና ነጠላዋን ከትራሴ ሥር አወጣሁ። ከየት እንዳወጣኋት አይቷል፤ ተጨማድዳለች። ግንባሩ ላይ ሳዞራት አሸተተና «የኔ ሳሙና ነው» አለ። ከኪሱም አውጥቶ አሳየኝ፤ ለአንቺ አላስቸግር ብሎ ሁልጊዜ የሚያመጣት ያቺው ሳሙና ናት። አስቢው እንግዲህ። ሰባት ወር ሙሉ የአያ ፈንታውን ሳሙና እያሸተትኩ ስምሽን ጠርቻለሁ።

አሰርኩት። ስለቱን ጉሮሮው ላይ አድርጌ፣ ከዚያ በፊት ሊወጣ ያልቻለውን ጥያቄ ጠየቅሁት። እንዲህ አስራህ ምን ምን ትጫወቱ ነበር አልኩት።

«ምንም» አለኝ። «አራት ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንዴ ላጫውታት ብሞክር ምላጩን ከፊቴ አንስታ፣ አያ ፈንታው፣ ስለት ይዤ መናገር አልችልም አለችኝ። ቅዳሜ ማታ ግን በአጥሩ በኩል እሰማችሁ ነበር። አንተ ታወራለህ፤ እሷ ዝም በል፣ እቆርጥሃለሁ ትላለች፤ ከዚያ ትስቃለች፤ ከዚያ አንተ ትጮሃለህ። የቀናሁት በዚያ ጩኸትህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ስቃ እጇ ስቶ በቆረጠችኝ እል ነበር።»

ወደ መስታወቱ ሄድኩ ጥሩዬ። ሦስቱን ጠባሳዎች አንድ በአንድ ነካኋቸው። ይቺኛዋ ስለ ቄሱ በቅሎ ያወራሁሽ ዕለት ናት። ይቺኛዋ የእህትሽ ራዲዮ። ሦስተኛዋን እንኳ እኔ ሳልናገር፣ ገና አፌን ስከፍት ነው የሳቅሽው። እነሱን ከእኔ ቁስሎች መለየት ቀላል ነው፤ የአንቺዎቹ አጫጭር ናቸው።

ተመለስኩና ጠቅላላውን ላጨሁት። ቀስ እያልኩ፣ ትንፋሼን ይዤ። ወደ አገጩ ስደርስ ግን እኔ ስለት ይዤ ዝም ማለት አልችልም፤ ስለ አባትሽ ጠፍርና ስለዚያ ሆዳም አይጥ ነገርኩት። ራሱ ታስሯል፤ አገጩ ግን አልታሰረም። ሳቀ። ቆረጥኩት። ደሙን በጣቱ ነክቶ አየው፤ ወረቀት ልለጥፍልህ ብለው እምቢ አለኝ። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ ለጠየቀው ሁሉ «መንገሻ ነው የቆረጠኝ» እያለ ሲስቅ ዋለ። እኔ የራሴን ድመት ነው እላለሁ፤ እሱ የእሱን ይኮራበታል። በዚህም ቀናሁ።

ባለፈው ቅዳሜም መጣ። ጠዋት በትኩሱ ስለት እሱን፣ ማታ በደከመው እኔን። አሁን ገብቶኛል፤ ትኩሱ ስለት ለሚንቀጠቀጥ ሰው ነው የሚገባው። ስለ ማኅበሩ ቀን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ያንን ቀልድ ዳግመኛ አላወጣውም። ይህን ስል ግን ይቅር ብዬሻለሁ ማለቴ አይደለም። አራት ዓመት ደብቀሽኛል፤ ቂሜን ትንሽ ላቆየው። ነጠላዋ ቅዳሜ ረፋድ የእሱ ናት፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ትራሴ ሥር ናት። የሳሙናው ጠረን የማን እንደሆነ እያወቅሁም ያለሷ አልተኛም።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ገነተ ማርያም፣ መቃብርሽ ድረስ፣ ሁለታችንም ተላጭተን እንመጣለን። እሱ ያለ ጠባሳ አይመጣም፤ እኔ እመሰክርለታለሁ። እጅሽ ምላጩን እንዴት ያጋድመው እንደነበር በየሳምንቱ በፊቴ ላይ እደግመዋለሁ፤ እጄ እስኪደክም አልረሳውም።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። አንቺ ባለሽበት አባቶች ሁሉ ጢማቸውን ያሳደጉ ናቸው ይባላል፤ ምላጭ የሚፈልግ የለም። ይሁን። እጅሽን አሳርፊው፤ ለማንም እሺ አትበይ። እኔ ስመጣ ጢሜን አሳድጌ፣ የማወራልሽን ይዤ ነው የምመጣው። ዝም በል ትይኛለሽ፤ ዝም አልልም።

መንገሻሽ