ያልበራው ብልቃጥ

ይድረስ ለአባዬ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ደረጃ ስትወጣ ጉልበትህን አሁንም ያምሃል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እንቅልፍ ግን ከተጣላኝ ሳምንት ሆነው፤ ይህን ደብዳቤም ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት የትንኝ መድኃኒት በጀርባህ ተሸክመህ ቤት ለቤት ስትረጭ ኖረህ፣ «ከልክ በላይ አቅጥነኸዋል፤ ትንኞቹ የማይሞቱት ለዚህ ነው» ተብለህ ከታገድክ አራት ወር ሞላህ። ያሳገደህ ከኛ ላቦራቶሪ የወጣች አንዲት ገጽ ናት። «ትንኞቹ መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት ምልክት አልተገኘም» ትላለች።

ሥራዬን በወጉ አስረድቼህ አላውቅም፤ ሁልጊዜ «ትንኝ ትፈጫለሽ አሉ» እያልክ ትስቅብኛለህ። እውነትህን ነው፣ እፈጫለሁ። ከዚያ «ማጥመጃ» የምንለውን ኬሚካል እጨምርበታለሁ። ማጥመጃው የምትረጨውን መድኃኒት ይመስላል። ትንኟ ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም ካለ፣ ማጥመጃውንም ሊሰብር ሲሞክር እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ብልቃጡም በመሣሪያው ሲታይ ያበራል። ኢንዛይሙ ከሌለ ወይም ከሞተ ጨለማ ነው።

ትንኞቹ የሚደርሱን በቁጥር ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳናዳላ የሰፈር ስም አይጻፍባቸውም። ባለፈው ሳምንት የመጡትን ስሠራ ብልቃጡ ቦግ አለ። ደገምኩት፣ አሁንም በራ። ቁጥሩን ከመዝገብ ሳመሳክረው አንተ ስትረጭ የኖርክበት ሰፈር ሆኖ አገኘሁት! አባዬ፣ መድኃኒቱን ያከሸፉት ራሳቸው ትንኞቹ ናቸው እንጂ አንተ አይደለህም።

ያቺ ገጽ ስትጻፍ የነበረውን የሥራ ደብተር ገለጥኩ። ብልቃጦቹ ከበረዶ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ቆይተዋል፤ ባለሙያዋን የስልክ ወሬ ይዟት። ኢንዛይሙ ሳይመረመር ሞቶ ነበር። እሷም ጨለማውን አይታ ጻፈች፣ ፈረመች።

እማዬ እንደነገረችኝ፣ ያገደህ ኮሚቴ ገጿን ሲሰጥህ መጨረሻዋ ላይ ያለውን ፊርማ ደጋግመህ አይተህ «የምለው የለኝም» ብለህ ወጣህ። እንዲያ ተከራካሪ የነበርክ ሰውዬ! አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ስትደውልልኝ «ሥራ እንዴት ነው?» ብቻ ትለኛለህ። በጣም ተናድጄብሃለሁ፤ በራሴም አፍሬያለሁ።

ነገ ጠዋት አዲሱን ውጤትና አሮጌውን ደብተር ይዤ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ይህ ሲደርስህ ሄጃለሁና አትከልክለኝ። የሚመጣውን እችለዋለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤናህን ያቆይልኝ፤ እማዬን ሳምልኝ። ኮሚቴው መልሶ ሲጠራህ፣ በሞቴ፣ የልጅህን ፊርማ አላውቀውም እንዳትል።

የምትወድህ የመጀመሪያ ልጅህ